ስለ ከባድ የጉልበት ጉዳትና ስለ ሰዓት ዋጋ

ጉልበት የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይገልጻል። አንደኛው እግር የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው፤ ሁለተኛው ኃይልና ብርታት ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም፤ በላቡ ሠርቶ የሚያድር ሰው ጉልበቱ የተሰበረ እንደ ሆነ እንጀራውም አብሮ ይሰበራልና። ስለዚህ የጉልበትን ከባድ ጉዳት ለማዳን በዓለም ሐኪሞች ዘንድ የተደረገው ምርምር የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውና የገበሬው ጉዳይ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ይህ ነገር ጐልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የምዕራብ ጎንደር ቈላ ነው። መተማ ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በ1881 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በጦርነት ቈስለው ያረፉበት የታሪክ ስፍራ ነው፤ ዛሬም ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትበት ሰፊ የእርሻ አገር ነው። በክረምት አረም ሲደርስ፣ በመስከረምና በጥቅምትም ሰሊጥ ሲታጨድ፣ እጅግ ብዙ ሠራተኛ ከደጋው ወደዚያ ይወርዳል። ትራክተር በሚታረስበትና የጭነት መኪና በሚመላለስበት አገር ሰው ከጭነት ላይ ይወድቃል፤ መኪናም ይገለበጣል። በዚህ ላይ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል ገብቷል፤ ከዚያው ዓመት ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የመንገዱ ደኅንነት ተናግቷል። እንግዲህ ጉዳት የሚያሰጋበት ስፍራና ከሐኪም ዘንድ መድረስ የሚያስቸግርበት ስፍራ አንድ ሆነ ማለት ነው።

የጉልበት ጉዳት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጉልበትን አጽንተው የሚይዙት አራት ዋና ዋና ጅማቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢበጠስ ሰውየው ያነክስ ይሆናል እንጂ እግሩ አይሞትም። ነገር ግን በብርቱ ምት ሁለትና ሦስቱ በአንድ ጊዜ ተበጥሰው ጉልበቱ ከስፍራው የወለቀ እንደ ሆነ አደጋው ሌላ ነው። ከጉልበት ኋላ ወደ ባት ደም የሚያወርደው ታላቅ የደም ሥር ከላይም ከታችም በጅማት ተይዟልና አጥንቱ ሲሸሽ መሸሽ አይችልም፤ ይወጠራል፤ ውስጡም ይቀደዳል። ይልቁንም የሚያታልለው፣ የወለቀው ጉልበት ብዙ ጊዜ ራሱ ተመልሶ መግባቱ ነው። የሚያየው ሰው ጥቂት እብጠት ብቻ አይቶ «ወለምታ ነው» ይላል፤ ከጉልበት በታች ያለው ሥጋ ግን ደም አጥቶ እየሞተ ነው።

ይህን ዕውቀት ዓለም ያገኘው በብዙ መከራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጉልበታቸው ደም ሥር ተቀድዶ ከታሰረባቸው ወታደሮች ከመቶው ከ70 የሚበልጡት እግራቸውን እንዳጡ ደቤኪና ሲሚዮን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ጽፈዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእኛው የቃኘው ጦር በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት ሐኪሞች የተቀደደውን ደም ሥር ማሰር ትተው መስፋት ጀመሩ፤ ቍስለኛውም በሄሊኮፕተር ፈጥኖ ይደርስ ጀመር። በዚህ ምክንያት በእጅም በእግርም ደም ሥራቸው ከተጐዳባቸው መካከል የተቈረጠባቸው ቍጥር ከመቶ ወደ 13 ገደማ ወረደ። ጥበቡ አንድ ነገር ሲሆን ፍጥነቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁለቱ ግን ሳይለያዩ ሠሩ።

በ1977 ደግሞ ግሪንና አለን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ስለ ወለቀ ጉልበት የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው መረመሩ። ደም ሥራቸው በስምንት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከተጠገነላቸው ሰዎች ከመቶው 89 ያህሉ እግራቸው ተረፈ፤ ከዚያ ከዘገዩት ግን ከመቶው 86 ያህሉ ተቈረጡ። ሐኪሞች ዛሬ ስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ሳያልፍ ደሙ ይመለስ የሚሉት ከዚህና ከመሰለው ጥናት ተነሥተው ነው።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ግን በ2004 የወጣው ጥናት ይመስለናል። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ጉልበታቸው የወለቀ 38 ሰዎች ቀርበው በቍርጭምጭሚታቸው ያለው የደም ግፊት በክንዳቸው ካለው ጋር ተነጻጸረ። የእግሩ ግፊት ከክንዱ ከመቶ 90 በታች የሆነባቸው 11 ሰዎች ሁሉም ደም ሥራቸው ተጐድቶ ተገኘ፤ ከዚያ በላይ ከሆነላቸው 27 ሰዎች ግን አንድም አልተጐዳም። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው የደም ግፊት መለኪያና የደምን ድምፅ የምታሰማ ዶፕለር የምትባል በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ናት። ይህ መሣሪያ ከታላላቅ ሆስፒታሎች አልፎ ኮኪትን በመሰለች ከተማ ጤና ጣቢያ ሊቀመጥ የሚቻል ነው።

ነገር ግን ፍጥነት ለሁሉ መልካም እንዳይመስለን ያስፈልጋል። ሻትስከር የተባለው የካናዳ ሐኪም በ1979 የጭን አጥንት የሚያርፍበትን የቅልጥም አናት ስብራት በስድስት ክፍል ለይቶ ጽፏል። ከእነዚህ በከፉት ላይ ቈዳው አብጦ ሳለ ፈጥኖ መቅደድ ቍስሉን እንደሚያመረቅዝ ተደጋግሞ ታይቷል። ስለዚህ አስቀድሞ በውጭ ብረት አቁሞ፣ እብጠቱ እስኪጐድል ቀናት ጠብቆ፣ በኋላ አጥንቱን መጠገን የተሻለ ሆኗል። የተበጠሱትን ጅማቶች መቼ መጠገን እንደሚሻል ደግሞ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እንግዲህ የጥበቡ ፍሬ ይህ ነው፤ አጥንትና ጅማት ይጠብቃሉ፤ ደም ግን አይጠብቅም።

አሁን ይህን ወደ አገራችን እንመልሰው። ከኮኪት እስከ ጎንደር ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መኪና ወዲያው ቢገኝና መንገዱ ሰላም ቢሆን እንኳ ከተፈቀደልን ጊዜ ግማሽ ያህሉ በመንገድ ላይ ያልቃል። የቀረው ግማሽ አምቡላንስ በመፈለግ፣ ገንዘብ በማዋጣትና በኬላ በመቆም ያለቀ እንደ ሆነ፣ ጎንደር ያለው ሐኪም የቱን ያህል ብልህ ቢሆን የሚቀበለው የሞተ እግር ነው። ስለዚህ የእግሩ ዕድል የሚወሰነው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ይልቅ በመጀመሪያው ሰዓት በኮኪት ነው።

በዚህ ላይ የወጌሻ ነገር አለ። ወጌሻ ለሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ያገለገለ ባለሙያ ነው፤ ቀላል ወለምታና ስብራት የጠገነላቸው ሰዎች ብዙ ስለ ሆኑ ሕዝቡ ቢያምነው አያስነቅፈውም። ነገር ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በሸምበቆና በቀርከሃ እጅግ አጥብቆ ማሰር ደምን ስለሚያግድ እጅና እግር እንዲቈረጥ ከሚያደርሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ደም ሥሩ በተቀደደ ጉልበት ላይ ማሸትና ማጥበቅ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አንባቢ ይፈርደዋል። መፍትሔው ግን ወጌሻን ማሳደድ አይደለም፤ ተሸሽጎ ይሠራልና ጉዳቱ ይብሳል። እግሩ የቀዘቀዘ፣ የገረጣ፣ የደነዘዘ ወይም የደም ትርታው የጠፋ ሰው ሲመጣ ሳይነካው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልክ ማስተማርና እንደ አጋር መቍጠር ይሻላል።

ስለዚህ መደረግ የሚገባው የሚከተለው ይመስለናል። አንደኛ፣ በቈላው ጤና ጣቢያዎች ያሉ ባለሙያዎች ጉልበቱ የተጐዳውን ሰው ሁሉ የእግሩን ትርታ እየዳሰሱና ግፊቱን እየለኩ ከነሰዓቱ እንዲጽፉ፤ ትርታውም በኋላ ሊጠፋ ስለሚችል መላልሰው እንዲያዩ ይሁን። ሁለተኛ፣ ትርታ የጠፋበት ሰው እንደ ምጥ እንደ ተያዘች እናት ተቈጥሮ አምቡላንሱ በኬላ እንዳይቆም፣ ለተቀባዩም ሆስፒታል አስቀድሞ በስልክ እንዲነገር ይሁን። ሦስተኛ፣ ለመተማ ሆስፒታል ሐኪሞች በተቀደደው ደም ሥር መካከል ለጊዜው ቀጭን ቱቦ አግብቶ ደምን የማሳለፍና ያበጠውን የባት ሽፋን ከፍቶ የማስተንፈስ ትምህርት ይሰጥ፤ ይህ ሙሉ ጥገና ባይሆንም ሰዓት ይገዛልና። አራተኛ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ጤና ባለሙያዎችን ለገጠር ለማሠልጠን የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከቈላው የሚመጡትን ቍስለኞች የጉዳትና የመድረሻ ሰዓት እየመዘገበ የራሳችንን ምርምር ያውጣልን። የሲያትል ቍጥር መንገድ ያሳየናል እንጂ የኮኪትን መንገድ አይለካልንም።

«ይህ ሁሉ ወጪ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሰሊጡን አጭዶ ለውጭ ገበያ የሚያበቃው ያው ሠራተኛ ነው። እግሩን ያጣ ጎልማሳ ሠራተኛ ዕድሜውን ሙሉ ሳይሠራ ሲኖር ወጪውን የሚከፍሉት ቤተ ሰቡና አገሩ ናቸው፤ የዶፕለርና የአምቡላንስ ነዳጅ ዋጋ ከዚህ ጋር አይመዛዘንም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደ ተባለ፣ ትርታው ገና ሳይጠፋ፣ ሰውየውም ገና በኮኪት ሳለ እንድረስለት።