ለዒድ የታዘዘ ልብስ ለዒድ ይድረስ

ረመዳን ሲጋመስ የመርካቶ ልብስ ነጋዴ ስልክ ዕረፍት የለውም። ትዕዛዙ በቴሌግራምም በጎረቤትም ይመጣል፤ ቀብድ ይከፈላል፤ መዝገቡ ግን አንድ ደብተር ነው። ዋዜማው ላይ ቅድሚያ የሚያገኘው አስቀድሞ የከፈለው ሳይሆን ደጋግሞ የደወለው ነው። የሕፃኑ ጀለቢያ ከዒድ ሶላት በኋላ ቢደርስ ምን ይረባዋል?

የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አባያውን በመጠንና በቀለም ይመዘግባል፤ ቀብድ የተያዘበትን ከሚሸጠው ይለያልና አንዱ ልብስ ለሁለት ሰው አይሸጥም። ትዕዛዙን በመድረሻ ቀኑ ስለሚደረድር ደሴና ጅማ የሚላከው እዚሁ ከሚረከበው ይቀድማል። ለትንሽ ሱቅ እንኳ ኤክሴል ይበቃል፤ በየሽያጩ የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ግን ሁለቱም ከደብተሩ አይሻሉም። ዘካ የሚወጣበት ዓመት ሲሞላም 2.5 በመቶው የሚሰላው ከዚሁ ቆጠራ ነው።