የመተማ ዘመን ፊልም የማን ነው?

መተማ ብዙ ነገር ያየች የአገራችን በር ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋራ ተዋግተው በወደቁ ጊዜ ሲኒማ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። የእንግሊዝ ጦር በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በገላባትና በመተማ ኢጣልያኖችን በወጋ ጊዜ ግን፣ በ1915 ዓ.ም. የወጣው የ16 ሚሊ ሜትር የእጅ ፊልም ማንሻ በዓለም ተሠራጭቶ ነበር። መኰንን ለቤቱ መታሰቢያ ያነሣው ፊልም ዛሬ ለእኛ የታሪክ መዝገብ ነው።

ነገር ግን ጥቅሉን በሣጥን የያዘ ሁሉ ባለ መብት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለእንዲህ ያለ ሥራ የ50 ዓመት ዘመን ወስኖ፣ ለመጥቀስ፣ ለማስተማርና ቤተ መዛግብት ለማቆየት በልክ እንዲገለብጡ ፈቅዷል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን የሲኒማ ሥራ መብት ከዋነኞቹ ሠሪዎች የመጨረሻው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይዘልቃልና፣ በዚያ የሚያሳይ ሰው ይህን ማጣራት አለበት።

እንግዲህ ገልብጦ ማቆየት አንድ፣ ለሕዝብ ማሳየት ሌላ መሆኑ ይታወቅ። ፊልም በሙቀት ይኮመጥጣል፣ ይጨማደዳል፤ የአባቶቹን ነገር የሰማ ሽማግሌም ያልፋል። ስለዚህ መብቱ እስኪጣራ ተብሎ ግልበጣው አይዘግይ። ሊቃውንቶቻችን በመጽሐፍ መጨረሻ የጻፈውንና ያጻፈውን ስም እንደሚያኖሩ ሁሉ፣ ፊልሙን የሚረከብ ሹምም ያነሣውን፣ የሰጠውንና ዘመኑን ይጻፍ። በፊልሙ የሚታዩትም የዚህ አገር ልጆች ናቸውና፣ ስማቸውንና ቦታቸውን ከመተማና ከቋራ ሽማግሌዎች ጠይቆ ያስመዝግብ።