የቤት ሠራተኛ ማንን ይመለከታል? ግልጽ ደብዳቤ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ አስወጥቶ፣ ነገሩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደተወው ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የቀደመው 377/1996ም ደንብ ይወጣል ብሎ ነበር። አልወጣም። ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከትል ለማሳየት በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ሞግዚት ጉዳይ ልግባ።

ሕፃኑ ከሶፋ ወድቆ ግንባሩ አበጠ። በዚያው ምሽት ልብሷን በፌስታል አስይዘው አስወጧት። «ይጠራቀምልሽ» ተብሎ አሠሪዋ እጅ የቆየው የአራት ወር ደመወዟ «ለሕክምና ዋለ» ተባለ። ደብተሩን አይቼዋለሁ፤ በአሠሪዋ በራሷ እጅ ጽሑፍ ከየወሩ ስም ጎን «ያልተከፈለ» ይላል። የተሰበረ ብርጭቆ ሳይቀር ተቀናሽ ተይዟል። ውል የሚባለው ደግሞ ደላላው የሞላው የዋስትና ወረቀት ነው። የዋሷ መታወቂያ ኮፒ ተያይዟል፤ ዕቃ ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል ተጽፏል። ስለ ደመወዟ፣ ስለ እረፍቷ፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት አንድ መስመር የለም።

ይዣት የሄድኩበት ቢሮ ባለሙያ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «የቤት ሠራተኛ እኛን አይመለከትም» አሉን። በአክብሮት ልጠይቅ፤ ታዲያ ማንን ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2601 አሠሪው ቤቱ የምታድርን ሠራተኛ ጤናና ሞራል እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ግዴታውን ቤት ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ግን የለም። ፍርድ ቤት ትሂድ ካላችሁ፣ ማደሪያ ያጣች ልጅ ቀጠሮ እስኪደርስ የት ትደር?

ወደ ውጭ ለሚሄዱ እህቶቻችን አዋጅ 923/2008 የጸደቀ የሥራ ውል ይጠይቃል። እሰየው! ሪያድ ያለችው እመቤት የምትፈርመውን የአዲስ አበባዋ ለምን አትፈርምም?

ወገኖቼ፣ ነገሩ የእኛም ነው። ከወለዱ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕፃኑን የምትረከበው ሞግዚት ናት። ሐኪሟ፣ መምህሯ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ሥራ የሚገቡት እሷ ቤት ስላለች ነው። ክቡራን፣ እናንተም ጭምር!

ስለዚህ የዚህችን ልጅ ደመወዝ የሚያስከፍለው አካል ይነገረን። ደንቡ ይውጣ፤ የጽሑፍ ውል፣ የሳምንት እረፍትና የደመወዝ ወለል ይኑረው። ደላሎች ይመዝገቡ። 15 ዓመት ያልሞላት ልጅ የሰው ልጅ አዛይ አትሁን። የዓለም የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ይጽደቅ። በየወረዳው አቤቱታዋን የሚቀበል ሰው፣ በየመሥሪያ ቤቱም የሕፃናት ማቆያ ይኑር። ስለ ዘገየው ደንብም ይቅርታ ይጠየቅ። መልሳችሁንም እንደ ደብዳቤዬ በአደባባይ ስጡን።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦ ሞግዚት ቀጥሮ ለሚያኖር ቤተሰብ ሁሉ