ተረት ለመድረክ አያንስም

ለልጆች ተውኔት ለማዘጋጀት የሚነሣ የወጣቶች የቴአትር ቡድን፣ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ሁለት የተለመዱ መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው ከባሕር ማዶ የመጣውን የታወቀ የልጆች ታሪክ፣ ጫማዋ የጠፋባትን የእንጀራ ልጅ ወይም ባለቀይ ቆቧን ልጅና ተኩላውን፣ በትርጉም አምጥቶ መጫወት ነው። ሁለተኛው በተውኔት ስም ምክር መደርደር ነው፤ እጅህን ታጠብ፣ ትምህርትህን አጥና፣ ታላላቆችህን አክብር የሚል። ሁለቱም የአዘጋጁን ድካም ይቀንሳሉ። የመጀመሪያው ያለቀለት ታሪክ ያቀርብለታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ታሪክ ከመፈለግ ጨርሶ ያሳርፈዋል። ዳሩ ግን ሁለቱም በነቀምቴ ደጃፍ ያለውን ሀብት እንዳላዩ አልፈው የሚሄዱ ናቸው።

በነቀምቴ ደጃፍ ያለው ሀብት ከተጻፈ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ፣ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ማተሚያ ቤት፣ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ያዘጋጁት የአፋን ኦሮሞ የጀማሪዎች ማንበቢያ ታተመ። አስቴር በሊሙ እናርያ ለባርነት የተዳረገች ወጣት ነበረች። ወደ ዐረብ አገር ለመሸጥ ተጭና ስትሄድ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ያዙና ነፃ ወጣች፤ ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤትም ተወሰደች። ይህች ልጅ ከአገሯና ከእናቷ ምድጃ ርቃ፣ በቀይ ባሕር ዳር ተቀምጣ፣ 500 ያህል የኦሮሞ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በዚያ ማንበቢያ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1904 እርሷና ኦነሲሞስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ። አስቴር በነቀምቴ አስተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ1964 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም ረጅም ዕድሜ ኖረች።

ባሪያ ሻጭ ያልነጠቃትን ተረት የገዛ ከተማዋ መድረክ ቢነጥቃት ምን ይባላል? በነቀምቴ «የልጆች ጥንታዊ ድርሰት» የሚባል ነገር ካለ ከዚህ መጽሐፍ የሚቀድም የለም። የባሕር ማዶውን ታሪክ የሚያመጡ ወጣቶች ጥፋታቸው የውጭ ነገር መውደዳቸው አይደለም። የውጭ ነገር የተወደደበት የኪነ ጥበብ ታሪክ ብዙ ነው። ጥፋታቸው የራሳቸውን ሳይመረምሩ የራሳቸው የለም ብለው መነሣታቸው ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ወገኖች ክርክር በመጠኑ ይታወቃል። የመጀመሪያው «ተረት የልጅ ማባበያ ነው፤ የመድረክን ክብር አይመጥንም» የሚል ነው። እንዲህ የሚል ሰው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር በምን እንደ ተወለደ ዘንግቷል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ተምረው ተመልሰው የመጀመሪያውን ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት ሲጽፉ የነገሥታትን ገድል አልመረጡም። የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። ተውኔቱ በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት ታየ። የአስተዳደሩን ብልሹነት በአውሬዎች አፍ የሚናገር መሆኑ ስለ ታወቀም በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ የተጻፉ ተውኔቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ቤተ መንግሥቱን መጀመሪያ ያስደነገጡት ግን አውሬዎች ናቸው። የልጅ ማባበያ ቢሆኑ ኖሮ ማንም ባላገዳቸው ነበር።

ሁለተኛው ክርክር «መጽሐፉ የሚሲዮን ነው» የሚል ነው። የታተመበት ማሽን የሚሲዮን እንደ ነበረ አይካድም። ተረቱ ግን ከእሳት ዳር የመጣ ነው፤ ማሽኑ የማን ነው ብሎ ተረቱን መተው፣ ማድጋውን የሠራውን ጠልቶ ውኃ እንደ መጥላት ይቆጠራል። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ግን ሊታለፍ አይገባም፤ ምክንያቱም ከተቃዋሚ ሳይሆን ከወዳጅ የሚመጣ ነው። «ተረቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ለዘመኑ ትምህርት እንዲሰጥ መታረም አለበት» ይላል። በየዘመኑ የልጆችን መድረክ ያደረቀው ይህ አሳብ ነው። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ፣ በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ሲቋቋም ለብዙ ወጣቶች የመድረክ በር እንደ ተከፈተላቸው መመስከር ይገባል፤ ብዙ ድምፃውያንና ተዋንያን ከዚያ ወጥተዋልና። ነገር ግን በዚያው በር መፈክርም ገባ። ልጆች በአንድ ድምፅ፣ በተሰለፈ ትከሻ፣ ያልገባቸውን ቃል እየጮኹ አደጉ። መፈክሩ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር ወደቀ፤ ልማዱ ግን አልወደቀም። ዛሬም ቃሉ ተለውጦ አሰላለፉ እንደዚያው ያለበት የልጆች ዝግጅት ጥቂት አይደለም።

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ አካባቢ መልኩን እየለዋወጠ የሚነገረውን የአህያዪቱን ተረት መውሰድ ይበቃል። ረኃብ ገባ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡና ይህ መቅሠፍት የመጣው ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው፤ ሁላችን እንናዘዝ ተባባሉ። አንበሳ ከመንደር ዳር በሬ ሰብሮ እንደ በላ ተናገረ፤ ይህ ኃጢአት አይደለም ተባለለት። ነብር ፍየል በልቼአለሁ አለ፤ ይህም ኃጢአት አልሆነም። ጅብ ዶሮ መስረቁን ተናዘዘ፤ እርሱም ነጻ ወጣ። አህያዪቱ ተራዋ ሲደርስ ጌታዋ ከወዳጁ ጋር ለመነጋገር በመንገድ ላይ ሲቆም ከዳር ጥቂት ሣር ነጨት ማድረጓን ተናገረች። የመቅሠፍቱ ምክንያት ይኸው ነው አሉና በሏት። የዚህ ተረት አፅም ላፎንቴን እ.ኤ.አ. በ1678 ካሳተመው ስለ ወረርሽኝ ከሚያወራው ተረት ጋር አንድ ነው፤ በዚያም የምትፈረድባት አህያ ናት። ስለሆነም የባሕር ማዶ ታሪክ ካልሆነ ዓለም አቀፍ አይሆንም ብሎ የሚሠጋ አዘጋጅ ይረጋጋ፤ ዓለም አቀፉ ነገር በእናቱ ጓዳ አለ።

አራሚው ወዳጅ ይህን ተረት ሲያገኘው ሁለት ነገር ያምረዋል። ወይ አህያዎች ተደራጅተው አንበሳውን ሲያሸንፉ አሳይቶ ይጨርሳል፤ ወይ መምህር የለበሰውን ነጭ ጋዋን አስተካክሎ ከመጋረጃው ጀርባ ይወጣና «ልጆች፣ ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። በሁለቱም መንገድ ተረቱ ይሞታል። የተረቱ ኃይል ያለው ባለመታረሙ ነው። ልጁ ከመድረኩ ፊት ተቀምጦ፣ የበሬውን፣ የፍየሉንና የዶሮውን ኑዛዜ ሰምቶ፣ የሣሩ ኃጢአት ሲፈረድበት «ኧረ እርሷ ምን አደረገች!» ብሎ ከመቀመጫው ሲነሣ ፍርድን አውቋል። ያን ጊዜ መጋረጃው መዘጋት አለበት። ልጁ ንዴቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ እራቱ ላይ ለእናቱ ይንገራት። አሸናፊ አህያ ያየ ልጅ ግን ነገሩ አልቋልና ይተኛል።

አዘጋጁ የሚደክመው ሊያስተምር ሳይሆን ሊያጫውት ይሁን። ናታሊያ ሳትስ እ.ኤ.አ. በ1936 በሞስኮ ለልጆች ቴአትር ሥራ ስታሠራ፣ ሰርጌ ፕሮኮፊየቭ «ጴጥሮስና ተኩላው»ን ሲደርስላት ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሰጠው፤ ለወፏ ዋሽንት መሰሉን ፍሉት፣ ለተኩላው ቀንደ መለከቶችን። ልጆቹ መሣሪያውን ሰምተው ማን እንደ መጣ ያውቃሉ። ይህ ብልሃት ኦርኬስትራ ይጠይቃል የሚል ካለ ተሳስቷል። በነቀምቴ ከበሮ አለ፤ መሰንቆ፣ ክራርና ዋሽንት አለ። ከበሮው ለአንበሳው፣ የመሰንቆው ማላዘን ለጅቡ ይስማማል። ለአህያዪቱ ምንም አይሰጣት፤ ዝም ያለው ቦታዋ ራሱ ይናገርላታል። መክፈቻውም እንቆቅልሽ፣ በአፋን ኦሮሞ ሂቦ የሚባለው ይሁን፤ ጠያቂው ከመድረኩ፣ መላሾቹ ከተመልካቹ ወገን። ተመልካቹ ልጅ አፉን የፈታው በዚህ ከሆነ ኋላ ፍርዱ ሲጣመም ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ቋንቋውን በሚመለከት ማመንታት አይገባም። ለወለጋ ልጆች የሚቀርብ ተረት በአፋን ኦሮሞ ይቅረብ። ከ1966ቱ ለውጥ በፊት በዚህ ቋንቋ በአገር ውስጥ ለማሳተም በሩ ዝግ እንደ ነበረ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ እንደ ሆነ መምህራን ያስታውሳሉ። እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። አስቴርና ኦነሲሞስ የጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ይጻፋል። እንግዲህ የነቀምቴ ልጅ የነቀምቴን መምህርት መጽሐፍ በገዛ ቋንቋው ተጽፎ ሳለ አያነበውም። የፊደሉ ክርክር ብዙ ብዕር ፈጅቷል፤ ወደፊትም ይፈጅ ይሆናል። መድረክ ግን ፊደል አይጠይቅም። ተረቱ መጀመሪያ በአፍ ነበረ፤ አስቴር ወደ ወረቀት አወረደችው፤ አሁን ወደ አፍ የሚመልሱት ወጣቶቹ ናቸው። ሁለቱንም ፊደል የሚያነቡ መምህራን ዛሬም አሉ፤ እያደር ግን ቁጥራቸው ያንሳል። የወጣቶቹ ቡድን ሊቸኩል የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ መቸኮል ሲነሣ የማይታለፍ ሌላ ነገር አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በተካሄደው ግጭት ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ቆይተዋል። ከተዘጋ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ፊት ቆሞ ስለ ትምህርት ጥቅም የሚሰብክ ተውኔት ማቅረብ ከድፍረት ይቆጠራል። ልጁ የትምህርትን ጥቅም ከሰባኪው በላይ ያውቃል። በጠንካሮቹ ጉባኤ ስለ ተፈረደባት አህያ ግን ማብራሪያ ሳይፈልግ ይሰማል። ምናልባት አንዳንድ የባህል ሹማምንት የመስተዋት ጫማውን ታሪክ የሚመርጡት ይህን በመፍራት ይሆናል፤ የመስተዋት ጫማ ማንንም አያስከፋምና። ከመቶ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ አውሬዎቹን ያገዱትም ይህንኑ ፈርተው ነበር።

የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው። የባህል ጽሕፈት ቤቱ የ1894ቱን ማንበቢያ ተረቶች በቁቤ አስገልብጦ በጥቂት ቅጂ ለየቡድኑ ይስጥ፤ ወጣቶቹም ቅጂውን ይዘው ወደ ሽማግሌዎችና ወደ አሮጊቶች ሄደው ተረቱ በነጆ እንዴት እንደሚነገር፣ በደምቢ ዶሎ እንዴት እንደሚለያይ ይስሙ። አዳራሽ አይጠበቅ፤ የትምህርት ቤት ግቢና የዋርካ ጥላ ይበቃል። መጋረጃ ከሌለ ሁለት ልጆች ጋቢ ይዘርጉ። አህያዪቱን የምትጫወተው ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ልጅ ትሁን፤ ስትናዘዝም ድምጿን ከፍ እንድታደርግ አትገደድ፤ ከኋላ የተቀመጡት ለመስማት ራሳቸው ዝም ይላሉ።