ፎልደሩ ሲጠፋ እጅ መሰብሰብ ይሻላል

ጁባ ላይ ለብዙዎቻችን የከብት ንግድ ቢሮ ማለት ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ኮምፒውተር ናት። የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀቱ፣ የጉምሩክ ሰነዱ፣ የባንክ ማስተላለፊያው፣ ከኒሙሌ የሚላከው የጭነት ዝርዝር በኢሜይል ይመጣና በፎልደር በፎልደር ይቀመጣል። አንድ ቀን ልጅ ሲነካካ ወይም ጸሐፊ «ቦታ ሞላ» ብሎ ሲያጸዳ «ኒሙሌ» የሚለው ፎልደር ድራሹ ይጠፋል። ወር ሳይሞላም ገዢው «ስምንት በሬ ጎድሎብኛል» ብሎ ይመጣል።

እንደ እኔ አስተያየት፣ አብዛኛው ፎልደር ለዘለቄታው የሚጠፋው በተሰረዘበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባለው የድንጋጤ ሰዓት ነው። ያንን ይህን እንጫናለን፣ መልሰን እናስነሳለን፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሯን ተሸክመን ወደ ጥገና ቤት እንሮጣለን። እዚያ «ፎርማት ይደረግ» ከተባለ ነገሩ አበቃ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ኢሜይሉ የት ነበር የሚለው ነው። ጂሜይል ላይ ፎልደር የምንለው በእውነቱ ምልክት ብቻ ነው፤ ምልክቱ ቢሰረዝም ደብዳቤዎቹ «ኦል ሜይል» ውስጥ አሉ። የገዢውን ስም ጽፎ መፈለግ ይበቃል። ደብዳቤዎቹ ራሳቸው ከተሰረዙ ግን ቅርጫት ውስጥ የሚቆዩት 30 ቀን ነው። ያሁ 7 ቀን ብቻ ይሰጣል፤ ያሁ የሚጠቀም ነጋዴ ነገ ዛሬ ማለት የለበትም። በአውትሉክ ዶት ኮም ቅርጫቱ ባዶ ቢደረግም ደብዳቤዎቹን እስከ 30 ቀን ማስመለስ ይቻላል፣ ፎልደሩን ግን እንደገና ከፍቶ ማከፋፈል የራስ ሥራ ነው።

የሚያስቸግረው ኮምፒውተሯ ላይ ብቻ የተቀመጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይበር መስመር ከዩጋንዳ ድንበር ጁባ ከመድረሱ በፊት ኢንተርኔት በሳተላይት፣ ያውም ውድ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ደብዳቤውን አውርዶ ከሰርቨሩ እንዲጠፋ አድርጎ ነበር የሚያስቀምጠው። ዛሬም በዚያው ልማድ ያለ አለ። እንዲህ ላለው ሰው የምለው፣ ፕሮግራሙን ወዲያው ይዝጉት። ተንደርበርድ የተሰረዘን ደብዳቤ መጀመሪያ ምልክት ያደርግበታል እንጂ ከፋይሉ አያወጣውም፤ በትክክል የሚወጣው «ኮምፓክት» ሲደረግ ነው። ስለዚህ ኮምፓክት ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ እሺ አይበሉ። ሙሉ ፎልደር ከሆነ የተሰረዘው «ትራሽ» ሥር ተገልብጦ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል፤ ጎትቶ መመለስ ነው። የአውትሉክ ፋይልም ቢሆን ማንም ከመነካካቱ በፊት በፍላሽ ይገልበጥ፣ ሙከራው በግልባጩ ላይ ይሁን።

ቅርጫቱም ባዶ ከሆነ እንደ ሪኩቫ ያለ ፕሮግራም ይሞከራል፤ ግን በሌላ ኮምፒውተር ወርዶ ከፍላሽ ይነሳ። እዚያው ዲስክ ላይ መጫን በጠፋው ፋይል ላይ መጻፍ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳ እዚያ ላይ ብዙ ተስፋ አይደረግም።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ መንገድም አለ። ያው ኢሜይል ያለበት ሌላ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ካለና ከተሰረዘ ወዲህ ኢንተርኔት ካላገኘ፣ ዋይፋዩንና ዳታውን አጥፍተው ይክፈቱት። የወረዱት ደብዳቤዎች እዚያ ሊኖሩ ይችላሉ። ኢንተርኔት ካገኘ ግን ስረዛው እሱም ጋ ይደርሳል።

«ዛሬ ሁሉ ነገር በዋትስአፕ ነው» የሚሉ አሉ። ለዋጋ ድርድር አልከራከርም። ነገር ግን ስልክ ይሰረቃል፣ ኬላ ላይ ይወሰዳል። ባንክም ጉምሩክም የሚቀበሉት ቀን፣ ላኪና ተቀባይ ያለበትን ሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ጁባ ውስጥ ሱቅና መጋዘን ሲዘረፍ ያየ ሰው ደግሞ ቤት ባለች አንዲት ኮምፒውተር ብቻ መታመን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ለማንኛውም እያንዳንዱ ደብዳቤ ሁለት ባለቤት አለው። ኒሙሌ ያለው አስተላላፊ «የተላኩ» የሚለው ውስጥ የላከውን ሁሉ ይዞ ይሆናል። ዛሬውኑ ይደውሉለትና መልሶ እንዲልክ ይለምኑት፤ እሱም ቦታ ሞላብኝ ብሎ ሳያጸዳው።