ወጥ ያስለመዷት ድመት
ሆዷን የሚያማት መራጭ ድመት ምግብ የምትተወው አብዛኛውን ጊዜ ቀብጣ ሳይሆን እያቅለሸለሻት ነው። በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ እንደ ማርቲንዴል ባለ ሰፈር፣ በሐበሻ ቤት የመጀመሪያው ማባበያ ከዶሮ ወጥ የወጣ ሥጋ ወይም ወተት ቢሆን አይገርምም፤ ሁለቱም ግን ሕመሙን ያባብሳሉ። የቁሌቱ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ሥጋውን በውኃ ማለቅለቅም መፍትሔ አይሆንም። ወተቱም ቢሆን ያደጉ ድመቶችን አብዛኞቹን ያስቀምጣቸዋል። በጾም ሰሞን ሽሮ ማቅረብማ ከንቱ ድካም ነው፤ ታውሪን የተባለውን የግድ የሚያስፈልጋትን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ለጥቂት ቀን ያለ ጨውና ቅመም የተቀቀለ የዶሮ ደረት ይበቃል፤ ለዘለቄታው ግን የተሟላ ምግብ አይደለም። ድመት ምግቧን የምትመርጠው በጠረኑ ነው፤ ከፍሪጅ የወጣው ብዙም አይሸታትም፣ ወደ 38 ዲግሪ ለብ ሲል ግን ጠጋ ብላ ታሸተዋለች። ይህ ወጪ የሌለው ዘዴ ውድ የጣሳ ምግብ ከመቀያየር ይሻላል። ሐኪም ያዘዘው አዲስ ምግብ ከቀድሞው ጋር እየተቀላቀለ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይተካል፤ መጠኑም በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይሁን። አፏን ፈልቅቆ ማጉረስ አይገባም (ጉርሻ የሰው ወግ ነው)፤ ምግቡን ከማቅለሽለሹ ጋር አያይዛ እስከ መጨረሻው ልትጠላው ትችላለች። ሙሉ ቀን ካልቀመሰች ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው፤ በተለይ የወፈረች ድመት ጥቂት ቀን ከተራበች ስቡ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል።