«ባዶ ነው» ያለው ማነው?

ባለፈው የሥነ ጽሑፍ ምሽታችን ላይ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ «መጤ ስለ ካፋ ሰው ጠባይ መጻፍ የለበትም፤ አያውቅማ!» ብሎ ሲቀመጥ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ አላጨበጨብኩም። ምክንያቴን ልናገር።

እኔ የሰፋሪ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ ከወሎ ተነሥተው ወደ ያኔው የካፋ ክፍለ ሀገር የመጡት በ77ቱ ድርቅ ነው። «ባዶ መሬት አለ» ተብለው ነው የመጡት። ኧረ የምን ባዶ! ጫካው ኮቦ በሚባለው ልማድ የተከፋፈለ ነው፤ በየትኛው ዛፍ ላይ የማን ቀፎ እንደሚሰቀል፣ የቱን ቡና ማን እንደሚለቅም ባለቤቶቹ አሳምረው ያውቃሉ። «ባዶ» የምትለዋ አንዲት ቃል ገለጻ ነበረች፤ መሬት ያስወሰደችም እሷው ናት። ስለዚህ የጓደኛችን ቁጣ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገርን መግለጽ ቀልድ አይደለም።

ግን መድኃኒቱ አፍ ማስያዝ ነው እንዴ?

እስቲ ታሪክ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1897 የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ካፋን ያዘ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ ፍሪድሪሽ ቢበር የሚባል ኦስትሪያዊ ካፋ ገባ። ስለ ካፋ የጻፈው መጽሐፍ በሁለት ቅጽ፣ በ1920 እና በ1923 ታተመ። ይህ ሰው መጤ እንኳ አይደለም፤ መንገደኛ ነው። ሆኖም የድሮውን መንግሥት የሚያጠና ሰው ዛሬም የሱን መጽሐፍ ሳይገልጥ አያልፍም። ለምን? ቢያንስ የቀድሞውን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ጻፈዋ!

ተወላጅነትስ ዋስትና ነው ወይ? ማንጆን ተመልከቱ። አብሯቸው አይበላም፣ ከነሱ ጋር መጋባት ነውር ነው፣ ቤት አይገቡም እየተባለ ስንት ትውልድ አለፈ። ዛሬም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም። ይህን የሐሰት ገለጻ መጤ አላመጣውም፤ በካፊ ኖኖ ተነግሮ በካፊ ኖኖ የኖረ ነው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ ጎረቤቱን አለማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

ወደ እኛ ወደ መጤዎቹ ልመለስ፤ እኛንም አልምርም። «የካፋ ሰው ዝምተኛ ነው» ሲባል ስንቴ ሰምተናል! ቦንጋ ከገባ ሁለት ሴሚስተር ያልሞላው ሁሉ ይላታል። አያቴም ይሏት ነበር። ገበያ ውላ ካፊ ኖኖ የለመደችው እናቴ ግን ሳቀችባቸው። «አባባ፣ ዝም የሚሉት ከአንቱ ጋር በአማርኛ ሲያወሩ እኮ ነው! እርስ በርስ ሲጫወቱማ ማን ያስቆማቸዋል?» አያቴ አርባ ዓመት ሙሉ የገለጹት የራሳቸውን አለመስማት ኖሯል።

እንግዲህ በበኩሌ የምለው ይህ ነው። ጸሐፊን «የት ተወለድክ?» ብለን አንጠይቀው። በምን ቋንቋ ጠየቅህ? ማንን ጠየቅህ፣ ማንጆውንስ ጠይቀሃል ወይ? የገለጽከው ሰው መልስ የሚሰጥበት ቦታ ትተህለታል ወይ? እንበለው። እነዚህን ሦስቱን መመለስ ያቃተው፣ መጤም ሆነ ተወላጅ፣ ብዕሩን ያስቀምጥ። የመለሰ ግን ይጻፍ፤ ቢሳሳትም ስሕተቱ በአደባባይ ይታረማል። የታፈነ ስሕተት ግን እንደ «ባዶ መሬት» ነው፤ ማንም ሳያርመው ሥራውን ይሠራል።

ይህች መጽሔታችንም የመጤ ጽሑፍ ባወጣች ቁጥር ከጎኑ በካፊ ኖኖ የተጻፈ መልስ ታውጣ። ትምህርት ቤት የሚማሩበት ፊደል አለ፤ ሰበብ የለንም። ስለ አያቴ መንደር የጻፍኩትን ለሚቀጥለው እትም አመጣለሁ። ያጨበጨባችሁ ደግሞ መልሱን ይዛችሁ ኑ።